«እሷን ጠይቋት» ይሉ የነበሩት እትዬ ሙሉ

ኧረ አይሆንም። እትዬ ሙሉ? የካንሳንጋ ሰፈሯ? ትናንት ከሰዓት እኮ ደውለው፣ ሰኞ አዲሷን ልጅ ኮሌጅ ለማስመዝገብ ስለምንሄድ እንዳትቀሪ ብለው ተቆጥተውኛል። ዛሬ በጠዋቱ «አረፉ» ተባልኩ። ልቤ እስካሁን አልቀበል ብሏል።

ለማታውቋቸው፣ እትዬ ሙሉ መንገድ ዳር ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበረቻቸው። እዚህ ካምፓላ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ አካል ጉዳተኛ ልጅ ያለበት የሐበሻ ቤት ሁሉ ያውቃቸዋል። ማንም ሳይሾማቸው፣ ከኮሌጅ ኮሌጅ እየዞሩ እኛን የሚያስገቡን እሳቸው ነበሩ። ለምን እንደሚደክሙ ሲጠየቁ «ማሽኑ ሲበላሽ ሥራ እፈታለሁ» ይላሉ። ማሽኑ ደግሞ ደህና ሆኖ አያውቅም።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ሲኒየር ሲክስን፣ የመጨረሻውን የሁለተኛ ደረጃ ክፍል፣ በጥሩ ውጤት ስጨርስ እማዬ ተመስገን፣ እዚህ ከደረስሽ ይበቃል፣ እቤት አረፍ በይ አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፣ ፈርታ ነው። በዚያ ሁሉ የቦዳ ሞተር ብስክሌት ትርምስ መሃል ማን ያሻግራታል እያለች እንቅልፍ አጥታ ነበር። እንግዳ ሲመጣም እኔን የሚያናግር የለም። «ሻይ ትጠጣለች? ስኳር ይበዛባታል?» ተብላ የምትጠየቀው እማዬ ናት። እኔ እዚያው ተቀምጬ!

አንድ እሁድ እትዬ ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታችን ጎራ አሉ። እማዬ ስለኔ ሁሉንም ስታወራ ሰሟትና «እሷስ ምን ትላለች?» አሉ። እማዬ «እሷማ…» ብላ ስትጀምር አላስጨረሷትም።

«እሷን ጠይቂያት እንጂ። አፍ አላት።»

እኔም እንደ ጥፋተኛ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «መማር እፈልጋለሁ» አልኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

የኮሌጅ ምዝገባዬ ቀን የባሰ ነው። ቢሮ ውስጥ ያለችው ሴትዮ እኔን ትታ እሳቸውን ማናገር ጀመረች፤ ማን ይንከባከባታል፣ እንዴት ትፈተናለች እያለች። እትዬ ሙሉ በዚያ ስብርብር እንግሊዝኛቸው እሷን ጠይቂያት፣ እኔ ሥራዬ ፎቶ ኮፒ ነው አሏት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ውጭ ነኝ» አሉና ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ጥለውኝ ወጡ።

እንዴት እንደተናደድኩባቸው! ግን ሴትዮዋ እየጠበቀች ነው፣ ምን ይደረግ፣ ተናገርኩ። ፈተናዬን ጽሑፍ በሚያነብልኝ ኮምፒውተር መውሰድ እንደምፈልግ፣ ማደሪያዬ ለክፍሌ ቀረብ ቢል እንደሚሻለኝ ነገርኳት። ስናገር ስናገር ድምፄ እየጠነከረ መጣ። ስወጣ እትዬ ሙሉ በሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ሮሌክስ ይበላሉ። ያንን ትኩስ እንቁላል የተጠቀለለበትን የቻፓቲ ቂጣ ግማሹን እጄ ላይ አስቀመጡልኝና «አየሽ፣ አልበሉሽም» አሉኝ።

ትምህርት ሳይጀመር ግቢውን አብረን እየተመላለስን አስጠኑኝ። «ቻፓቲ ሲሸትሽ ወደ ግራ ታጠፊ» አሉ። በመጀመሪያው ቀን ቻፓቲ ጋጋሪው ቀረ! የእርሻ ተማሪዎች ክፍል ገብቼ ስለ ከብት በሽታ ስማር አረፈድኩ። ደውዬ ባለቅስባቸው በሳቅ ሞቱ። «አትጠይቂም ነበር? እግዜር አፍ ለምን ሰጠሽ?» ዛሬ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ላም ጡት በሽታም ማንም አይችለኝም።

አሁን የዛሬ ጠዋቱን ልንገራችሁ። ጎረቤቶች መርዶ ሊያረዱኝ መጡ። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ፤ እነሱ እማዬን በር ላይ አቁመው ያንሾካሹካሉ። ትችለዋለች ወይ? ቁርሷን ትብላና ይነገራት? ጆሮዬ ደህና መሆኑን ረስተውታል። ይኸኔ እማዬ፣ ያቺ ስለ ሻዬ ስኳር ትመልስልኝ የነበረችው እማዬ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ «እሷን አናግሯት። ይኸው ተቀምጣለች» አለቻቸው። ከዚያ ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ እጄን ይዛ ነገረችኝ።

ለእሳቸውም ለእማዬም አለቀስኩ።

እትዬ ሙሉ፣ የሰኞው ነገር አያሳስብዎ። ልጅቷን ይዣት እሄዳለሁ። ቢሮው ውስጥ አስገብቻት፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ጥያት እወጣለሁ። ትናደድብኛለች፣ ይሁን። የሮሌክሱን ግማሽ አስቀምጥላታለሁ።

ዛሬ ፈጣሪ ዘንድ የሚገቡት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ማንም እንዲናገርልዎ አያስፈልግም፣ አፍ አለዎት። የሠሩትን ሁሉ ራስዎ ይንገሩት።

ይግቡ፣ እትዬ ሙሉዬ። አይፍሩ። እኛ ውጭ ነን።