የድሬሰሩ ቮልስ

የአባቴን ቮልስ ለገደል የሰጠብኝ ታላቅ ወንድሜ ጌታነህ ነው፤ የአባታችን የሙት ዓመት ድንኳን በተነሳ በሳምንቱ።

ዛሬ ይህን የማነሳው ባለፈው ጥቅምት አንዲት የቅቤ ቀለም ያላት ቮልስ ደብረ ማርቆስ ከደጄ ቆማ፣ የኋላ ክዳኗ ሲከፈት የጋለ ዘይትና የቤንዚን ሽታዋ ልጅ ስላደረገኝ ነው።

አባቴ በሽተኛ በየቤቱ እየዞረ የሚያክም ድሬሰር ነበር፤ ከማርቆስ እስከ ደጀን ያለ ሰው መምጣቱን የሚያውቀው በቮልሷ ድምፅ ነው። ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ ከሞተሩ አጠገብ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ የእኔ ነበረች፤ የጮቄ ብርድ መስታወቱን ጉም ሲያለብሰው እኔ ከሥሬ በሚመጣው ሙቀት ተኮራምቼ፣ ከፊት በዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ የመርፌ መቀቀያው ሲንኳኳ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። የዓባይን በረሃ ስንወጣ ትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች ራዲያተራቸው ፈልቶ መንገድ ዳር ውሃ ሲለምኑ፣ በነፋስ ብቻ የምትቀዘቅዘው የእኛዋ እያጉረመረመች ታልፋቸዋለች። «ይቺ ጾመኛ ናት» ይል ነበር አባቴ፣ ዳሽቦርዷን እንደ በቅሎ አንገት እየደባበሰ። የሚያውቀውን ሰው ቤት ሲያልፍ ደግሞ የቱንም ያህል ቢቸኩል ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል፤ በሰው ደጅ ዝም ብሎ የሚያልፍ የተጣላ ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር።

እግሬ ፍሪሲዮን ለመርገጥ ሲደርስ፣ ገበያ በማይውልበት ቀን ገበያው ሜዳ ላይ መንዳት አስተማረኝ። ጌታነህ እየሰማም አባቴ «ይቺ መኪና የእሷ ናት» አለ። ጌታነህ ፊቱን አዙሮ ሄደ። የዚያን ትርጉም ያወቅሁት ኋላ ነው።

አባቴ ባረፈ በዓመቱ የቴሌቪዥን ድራማ ሠሪዎች ደጀን መጥተው ገደል የሚገባ መኪና አፈላለጉ። ያን ጊዜ አሮጌ ቮልስን ዞር ብሎ የሚያያት አልነበረም። ጌታነህ አደጋውን የሚመረምር ትራፊክ ፖሊስ ሆኖ በድራማው ሊታይ ተስማምቶ ቁልፏን አስረከበ። ለምኜዋለሁ። «መኪና ለሴት ምን ያደርጋል? እኔ ስሟን በአገር አስጠራለሁ» አለኝ።

አፋፉ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ምን እንደተሰማኝ እዚህ አልጽፍም። ሠሪዎቹ ሞተሯ እንደ ሌላው መኪና ከፊት መስሏቸው፣ የሚጨሰውን ጨርቅ አባቴ መርፌውን በሚያስቀምጥበት የፊት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አጭቀው ገፏት። አገር ሁሉ በቴሌቪዥን «ሞተሩ ነደደ!» ብሎ የጮኸው በዕቃ ማስቀመጫ ጭስ ነው። ጌታነህም ታየ፤ ከጀርባው ብቻ።

ቮልሷ ግን በአፍንጫዋ ወድቃ ከአንድ እርከን ላይ ቀረች። ፊቷ ሲጨማደድ ከኋላዋ ያለውን ሞተር ጭረት እንኳ አልነካውም። ሰዎቹ ሲሄዱ ኑርዬ የሚባል የደጀን መካኒክ ብሎኖቹን ፈትቶ አወጣልኝ፤ ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸከሙት፣ እኔም ነጠላዬን አለበስኩትና አቀበቱን ተያያዝነው። መንገደኛው ባርኔጣውን እያወለቀ ቆመ። አንዲት ባልቴት ደረታቸውን ሊመቱ እጃቸውን እንዳነሱ፣

«የማን ሬሳ ነው፣ ልጆቼ?» አሉ።

«የድሬሰሩ» አለ ኑርዬ።

«ውይ! እሱማ ዓመቱ ወጥቶ የለም እንዴ? ስንት ጊዜ ሊቀበር ነው?»

ተሸካሚዎቹ በሳቅ ቃሬዛውን ሊጥሉት ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

የጥቅምቷ ቮልስ ባለቤት አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው ነው። የእሱዋ ሞተር ከሌላ ሌላ መኪና የተለቃቀመ ስለሆነ፣ እኔ ዘንድ ዋናው ሞተር እንዳለ ሰምቶ ነው የመጣው። «እትዬ፣ ለድራማ ብለን ስንቷን ገደል ሰደድን! ዛሬ ሰው ቤቱን ሸጦ ይፈልጋታል» አለኝ። ነጠላውን ስገልጥለት ወዲያው አልነካውም፤ መጀመሪያ ውሃ ጠይቆ እጁን ታጠበ። አባቴም በሽተኛ ሳይነካ እንዲሁ ይታጠብ ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም ባይናገር እንኳ ይህ ይበቃኝ ነበር።

ወሬው ጌታነህ ጡረታ ወጥቶ ከሚኖርበት ከሉማሜ ለመድረስ አልዘገየም። ደወለ።

«እታለም፣ የአባታችን ንብረት እኮ የጋራችን ነው። የሞተሩን ዋጋ ሰምተሻል?»

«ስሟን በአገር አስጠራለሁ ብለኸኝ አልነበር? ይኸው ተጠራች» ብዬ ዘጋሁት።

ሞተሩ ተርፏል። የመርፌ መቀቀያው ድምፅ፣ ዳሽቦርዱን የሚደባብሰው እጅ፣ ያቺ ሞቃት ጎድጓዳ ቦታዬ ግን ከገደሉ አልወጡም፤ ቢወጡም የምትተኛባት ልጅ የለችም።

ሞተሩን ለሰውየው በነጻ ሰጠሁት። ከገጠመው በኋላ እስከ ደጀን እንድነዳት ጠየቅሁት፤ ፈቀደልኝ። ሉማሜ ስንደርስ ጌታነህ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ከወንበሩ ተነሳ።

ክላክስ ሳላደርግ አለፍኩ።