ዞያ እልልታ የተማረች ጊዜ

ባለፈው ሰሞን እዚህ እስራኤል፣ ክርያት ሞጽኪን የዘመድ ሠርግ ተጠርተን ነበር። ሙሽሮቹ ሲገቡ ከበሩ አጠገብ የቆመች አንዲት ልጅ እግር እልልታውን አቀለጠችው፤ ስትጨርስም ሁለት እጆቿን ወደ ኮርኒሱ ዘርግታ "ሁ!" አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። የእኔ ቀኝ እጅ ግን ሳላዘው ሹካውን ጥሎ ከከንፈሬ ጥግ ሄዶ ተለጥፏል። ሦስት ጣቶቼ እጥፍ ብለው የሌለ የቀስት ጅማት ይዘዋል። አጠገቤ የተቀመጠው ባለቤቴ "ምነው፣ ጥርስሽን አመመሽ?" አለኝ። ጥርሴ ደኅና ነበር። ዞያ ትዝ ብላኝ ነው።

ዞያ የልጅነቴ የቀስት አስተማሪ ነበረች። ያን ጊዜ የምንኖረው ክርያት ሐይም፣ ከባቡር ሐዲዱ ወደ ባሕሩ በኩል ነው። ከትምህርት በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ኳስም ጭፈራም ወደሚማርበት ማትናስ ይሮጣል፤ እኔ ደግሞ ከማትናሱ ጀርባ ወዳለው አሸዋማ ሜዳ እሄድ ነበር። ሜዳው እርጥብ ገለባ፣ የባሕር ጨውና ዞያ ጅማቱን የምትቀባው የንብ ሰም ይሸት ነበር። እሷ የምትመጣው ሀዳር ከሚባለው የሐይፋ ሰፈር በአውቶቡስ ነው። የባሏን ሰፊ ጃኬት ለብሳ፣ ቀስቶቿን በረዥም የጨርቅ ከረጢት ተሸክማ ትወርዳለች። መንገደኛ ምን እንደያዘች ሲጠይቃት "ቫዮሊን" ትል ነበር፤ ማብራራት ሰልችቷት።

የተወለደችው ከሩሲያ ዳር፣ ከሞንጎልያ ድንበር አጠገብ ነው። አባቷ ቀስት ሠሪ ነበር። አይሁዳዊ አግብታ እሱን ተከትላ ሐይፋ ገባች። እኛንም የምታስተምረን በአባቷ ዓይነት ቀስት ነው። ማነጣጠሪያ የሚባል ነገር የለውም፤ እንጨትና ጅማት ብቻ። "ጣትሽ ከከንፈርሽ ጥግ ይድረስ። ሬጋ፣ ሬጋ። ትንፋሽሽ ይርጋ። ከዚያ ልቀቂ" ትለናለች። ሬጋ በዕብራይስጥ "ቆይ" ማለት ነው፤ ከዞያ አፍ ሲወጣ ግን ሩሲያኛ ይመስል ነበር። ይሉኝታ ይቅርና፣ ጎበዝ ነበርኩ። በክፍል ውስጥ አስተማሪ ሲጠይቀኝ አንገቴን የምደፋው ልጅ፣ ሜዳ ላይ ፍላጻዬ ከዒላማው መኻል ስትሰካ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር።

እናቴ የምትሠራው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። በዕብራይስጥ "እሺ" ከሚሉበት ከ"ቤሰደር" ብዙም አታልፍም ነበር፤ በእልልታ ግን በክራዮት ሰፈሮች ሁሉ የሚስተካከላት አልነበረም። ሠርግ ቢሆን፣ የወንድ ልጅ የባር ሚጽቫ በዓል ቢሆን፣ ልጅ ውትድርናውን ጨርሶ ቢመለስ፣ እሷ ሳትጀምር ድግሱ የተጀመረ አይመስልም። እንግዲህ የመጀመሪያ ውድድሬ ቀን ነጭ ነጠላዋን ለብሳ፣ የምሥራች እንደሚነገራት ሰው ከፊት ወንበር ተቀመጠች።

በቀስት ውድድር ላይ ሰው ጸጥ ይላል። ይህን ለእናቴ የነገራት የለም፤ እኔም አላሰብኩትም። ጅማቱን ስቤ ጣቴ ከንፈሬን ሲነካ፣ ለእሷ ታላቁ ነገር ቀስቱን መሳቤ ነበርና ከጀርባዬ "እልልልል!" አለች። ጣቶቼ ብትን አሉ። ፍላጻዋ ከዒላማው በላይ አልፋ ሩቅ ሣር ላይ ወደቀች። ሰዉ ሳቀ። ዳኛው ወደ እናቴ ዞሮ፣ ሕፃን እንደሚገሥጽ ሰው ጣቱን ከአፉ ላይ አድርጎ "ሽሽሽ" አላት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። ስለ ፍላጻዋ እምብዛም አልተከፋሁም፤ ያ ነጠላ ግን ዛሬም ያቃጥለኛል።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀስት መሳብ አቃተኝ። ጅማቱ ገና ጉንጬ ሳይደርስ ጣቶቼ ይከፈታሉ። ዞያ የገለባውን ክምር አፍንጫዬ ሥር አስጠግታ፣ ዒላማውን ነቅላ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንድወረውር አደረገች። ደግሞ ጅማቱን ስቤ ሳልለቅ ቀስ ብዬ እንድመልሰው አለማመደችኝ። በጸጥታው መኻል ተሻለኝ። አንድ ሰው ሲያስል ግን ፍላጻዬ በራሷ ትሄዳለች። እናቴም ብትሆን ከእኔ አልተሻለችም። በጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ሴቶቹ ሁሉ "በይ እንጂ ጀምሪ" ብለው ሲያዩዋት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መሬት መሬት አየች። ያን ቀን ቀስቱን ልተወው ቆረጥኩ። ለዞያ ስነግራት "እናትሽን አምጪልኝ" አለችኝ። እናቴ "እኔ ካሁን በኋላ እዚያ ሜዳ አልደርስም፤ ልጄን ያሰናከልኳት ይበቃኛል" ብላ እንቢ አለች።

ዞያ ራሷ መጣች። ደረጃችንን እያለከለከች ወጥታ በራችንን አንኳኳች።

"ይቀመጡ እትዬ ዞያ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ" አለች እናቴ፣ ሶፋውን በእጇ እየጠረገች። በዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለ ስተረጉምላት አክብሮቱ ሁሉ መንገድ ላይ ቀረ።

ዞያ የቀረበላትን ዳቦ በላች፣ አመሰገነች፣ ከዚያ "እልልታ አስተምሪኝ ብላሻለች በያት" አለችኝ። እናቴ የምትቀልድባት መሰላት። ዞያ ግን ቀጥ ብላ ተቀምጣ ሞከረች። የወጣው ድምፅ የታመመች ፍየል ድምፅ ነበር። እናቴ ሳቋን ለመዋጥ ነጠላዋን ነከሰች። ዞያ ደገመች፤ ይብሱን ከፋ።

"ኧረ በጉሮሮ አይደለም፣ በምላስ ነው! እንዲህ ነው እንጂ..." አለችና እናቴ ሳታስበው ለቀቀችው። ከስንት ወር በኋላ፣ ቤታችን መኻል፣ ሙሉ እልልታ! የፊት ለፊት ጎረቤታችን በሯን ከፍታ "ማዛል ቶቭ! ማን አገባ?" አለች።

እኔ ሻይ ይዤ ከኩሽና እየወጣሁ ነበር። ብርጭቆው ከእጄ አምልጦ ወለሉ ላይ ተሰባበረ። ዞያ ስብርባሪውን ዐየችና "አየሽ? ቀስት እንኳ ሳትይዢ ለቀቅሽ" አለችኝ። "ክንድሽ ደኅና ነው። እልልታውን እየጠበቅሽ ነው የምትፈሪው።"

ተርጉሚላት አለችኝ። ላሳጥረው ፈለግሁ፤ እናቴ ዓይን ዓይኔን እያየች ስለሆነ ግን እንደወረደ ነገርኳት።

"እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም!" አለች እናቴ፣ እንባዋ ቀርቦ።

"ለዚህ ነው የባሰባት" አለች ዞያ። "ያልመጣ ነገር ነው የሚያስፈራው። ነገ ትምጣና ትጩህባት።"

በማግስቱ እናቴ ከሥራ እንደወጣች መጥታ ከኋላዬ ቆመች። ስስብ እልል ትላለች፤ ፍላጻዬ አሸዋ ውስጥ ትገባለች። ስስብ እልል ትላለች፤ ፍላጻዬ አጥሩን ትመታለች። "ይቅርብኝ፣ ልጄን አላሰቃያትም" አለች እናቴ። ዞያ በአማርኛ ምን ማለት እንዳለባት ቀድማ ጠይቃኝ ነበርና "ድገሚ!" አለቻት። ከአማርኛ የምታውቀው እሷን ቃል ብቻ ነው። "ድ" እና "ገ" ሩሲያ ደርሰው የመጡ ይመስሉ ነበር። እናቴ እየሳቀች ደገመች። ያን ሳምንት ሙሉ፣ የሚቀጥለውንም፣ "ድገሚ" ስትል ከረመች። እኔ ተስፋ ቆርጬ ቀስቱን ስጥል አንሥታ ሰጠችኝና "እናትሽ በራሷ ጊዜ ትጮኻለች፣ አንቺ በራስሽ ጊዜ ትለቂያለሽ። ማን አገናኛችሁ?" አለችኝ።

አንድ አመሻሽ ላይ ጅማቱን ሳብኩ፣ ጣቴ ከንፈሬ ጥግ ደረሰ። እልልታው መጣ፣ በጆሮዬ በኩል አለፈ፣ ወደ ባሕሩ ሄደ። እኔ እዚያው ነበርኩ። ጣቶቼ ጅማቱን እንደያዙ ናቸው። ትንፋሼ እስኪረጋ ቆየሁ፣ ከዚያ ለቀቅኩ። ፍላጻዋ ገለባው ውስጥ ጥፍት ብላ ስትገባ ዞያ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ "ሁ!" ብላ ጮኸች። በአባቷ አገር ቀስተኛ ሲመታ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይጮህለታል አለችን። "እዚህ ግን እንደ ሆስፒታል ዝም በሉ ይላሉ" ብላ ተነጫነጨች። እናቴ ሲተረጎምላት "በይ እንግዲህ፣ የሷ አገር ሰዎችም እንደኛው ናቸው" አለች።

ለሚቀጥለው ውድድር እናቴ መጣች፤ ከፊት ሳይሆን ከመጨረሻው ወንበር ተቀመጠች። ሳብኩ። ጸጥታ። ለቀቅኩ፤ ከመኻል ገባች። ዞር ብዬ እናቴን ሳያት ነጠላዋን በእጇ ጨብጣ ዳኛውን ታያለች፤ ያው ያለፈው ዳኛ ነው። ያን ጊዜ ከሜዳው ዳር ያቺ የታመመች ፍየል ጮኸች፤ ዞያ ናት፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ፊቷ ቀልቶ። እናቴ ያንን ጩኸት ሰምታ ዝም ማለት አልቻለችም። ተቀበለቻት፣ አቃናችላት፣ በመጨረሻም ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው "ሁ!" አሉ። ዳኛው ጣቱን ወደ አፉ ወሰደ፤ ፍላጻዋ አንዴ ስለተሰካች ምን እንደሚከለክል ሳያውቅ ጺሙን አከከ። ዋንጫውን ሌላ ልጅ ወሰደች። እኔ ግን ያን ቀን እናቴን ይዤ ወደ ቤት ስመለስ ምንም የጎደለኝ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እናቴ በየሠርጉ እልልታዋን በ"ሁ!" ትዘጋው ነበር።

ዞያ ካረፈች ዓመታት አለፉ። ቀስቶቿ ለማትናሱ ልጆች ቀሩ። እኔ ዛሬ የምነዳው አውቶቡስ ነው፤ ሀዳር ላይ ከኋላዬ ያሉ መኪኖች ጡሩምባ ቢያምባርቁብኝም የተሳፈረች አሮጊት ሳትቀመጥ አልነቃነቅም። በራሴ ጊዜ ነው የምለቀው። ዞያን በየቀኑ ነው የማመሰግናት።

ሠርጉ ላይ ያቺን ልጅ እግር ጠርቼ "ይችን 'ሁ' የምትሏትን ከየት አመጣሻት?" አልኳት። እናቴ ከጎኔ ናት፤ አርጅታለች፣ እልልታዋም ሳስቷል።

ልጅቱ ሳቀችብኝ። "እንዴ፣ አታውቂም? ከጎንደር ነው እኮ! የዱሮ ሴቶች ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፣ ቤኤመት፣ እውነቴን ነው።"

እናቴን አየኋት። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ ዓይኗ ሳይስቅ፣ "አዎ ልጄ፣ ከጎንደር ነው" አለቻት። ከዚያ ቀና ብላ፣ በዚያ ሩሲያ ደርሶ በመጣ የዞያ አማርኛ፣ "ድገሚ!" አለች።

ልጅቱ ደገመችው። እናቴም አብራት ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።