የሙሄ ላስቲክና የዙልፋ ሽንኩርት

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሙሄ የማያውቀው ነገር አልተፈጠረም፤ ከተፈጠረም በስህተት ነው። ሠላሳ ዓመት በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ሬዲዮ፣ ማራገቢያና ጄኔሬተር ሲጠግን ኖሯል። በዚያች የቆርቆሮ ግዛቱ ሕግ አውጪውም፣ ዳኛውም፣ አጨብጫቢውም እሱ ራሱ ነው። ከዕቃ ጋር ተጣጥፎ የመጣ መመሪያ ካገኘ ግራሶ የነካ ጣቱን ይጠርግበታል።

በሚያዝያ ዙልፋ የሶላር ፓምፗን መቆጣጠሪያ ሳጥን አመጣችለት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው ከጀውሃ ወንዝ ወዲህ ባላት የሽንኩርት ማሳ ነው። ሙሄ ሳጥኑን ከፈተ። በሚግለው ትራንዚስተርና ሙቀቱን ወደ ውጭ በሚያወጣው የአሉሚኒየም ክንፍ መካከል አንዲት ነጭ ስስ ሴራሚክ ተሰንጥቃ አገኘ።

«ይቺን የስኒ ስባሪ ማን ከተታት?» አለ። «ሸክላ ሙቀት ያሳልፋል እንዴ? ጅሎች!»

ስባሪዋን ወደ ብሎን ጣሳው ወረወረና ከባጃጅ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ ተካባት። ላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ እሰየው። ሙቀትም እንደማያሳልፍ የሚነግረው ዜጋ ግን በዚያ ግዛት አልተመዘገበም።

ፓምፑ ጠዋት ሠራ። አራት ሰዓት ሲሆን ሳጥኑ ግሎ ራሱን አጠፋ። በማግስቱም እንደዚያው። ዙልፋ ቆላ ያስተማራትን አደረገች፤ የመጠጥ ውሃ ጀሪካን የምታቀዘቅዝበትን እርጥብ ጆንያ ሳጥኑን አለበሰችው። ጆንያው ወዲያው ደረቀና ብርድ ልብስ ሆነ። ፓምፑም ሦስት ሰዓት ላይ ይቆም ጀመር።

«ጋሼ ሙሄ፣ ወላሂ ሽንኩርቴ ቢጫ ሆነ» አለች ሳጥኑን ይዛ ተመልሳ። «ራስ የሚቋጥርበት ጊዜ ነው። ሦስት ቀን ውሃ ካጣ አለቀልኝ።»

«ፀሐይዋን ክሰሻት። እኔ ሳጥን እንጂ ሰማይ አልጠግንም።»

በሩ ላይ ጸደንያ ቆማለች። ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ ማራገቢያዋ ሙሄ ዘንድ ወር ሞልቶታል። ከጎረቤት መጠጥ ቤት የገዛችውን በረዶ በፌስታል ይዛለች። ክርክሩን ሰማች፤ ሳጥኑን አየች፤ ከጣሳው ነጯን ስባሪ አነሳች።

«ጋሼ ሙሄ፣ ይችን በጣትዎ ይዘው በረዶው ላይ ይጫኗት።»

«ቲቸር፣ እኔ ተማሪሽ ነኝ?»

«ይሞክሩት እንጂ ጋሼ! ፈሩ እንዴ?» አለች ዙልፋ።

ሙሄ ፈራ መባልን አይችልም። ጫናት። ስባሪዋ በረዶውን እንደ ቅቤ እየቆረጠች ሰመጠች፤ ጣቱ በቅዝቃዜ ሲደነዝዝ ጮኸና ለቀቃት። ላስቲኩን ከሳጥኑ አውጥቶ ጫነው። ላስቲኩ በረዶው ላይ እንደ ሹመኛ ተቀመጠ፤ ንቅንቅ የለም።

«የጣትዎ ሙቀት ነው በእሷ በኩል ያለፈው» አለች ጸደንያ። «ሙቀት የአቶሞች መንቀጥቀጥ ነው። እዚች ውስጥ አቶሞቹ ቀላል ናቸው፤ በጠንካራ ቦንድ፣ ማለትም ማሰሪያ፣ ተያይዘዋል። አንዱ ሲነቃነቅ ሌላው ወዲያው ይሰማዋል። የላስቲክ ሰንሰለቶች ግን እርስ በርስ የሚያያዙት በላላ ትስስር ነው፤ ንቅናቄው መንገድ ላይ ይበተናል።»

«መዳብ ላድርግበታ!» አለ ሙሄ፣ ላለመሸነፍ።

«ይቃጠላል። መዳብ ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንደ ልባቸው ስለሚዞሩ ሙቀቱንም ኤሌክትሪኩንም ያሳልፋሉ። እዚች ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹን ቦንዱ ጠፍንጎ ይዟቸዋል። ሙቀቱን ታሳልፋለች፣ ኤሌክትሪኩን ታግዳለች። እርስዎ የጣሏት ስኒ ይህች ናት።»

በግዛቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሄ የራሱን ሥራ፣ ላስቲኩን፣ ወደ ብሎን ጣሳው ወረወረ። ዙልፋ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም።

ሙሄ ተነሳ። ሦስት ዓመት እንደ በርጩማ የተቀመጠበትን፣ እንደ ሳጥኑ የሚግል ትራንዚስተር ያለውን የተቃጠለ የብየዳ ማሽን ፈታታው። ውስጡ የዚያችው ዓይነት ነጭ ሴራሚክ፣ ሳትሰነጠቅ፣ ተለጥፋ አገኘ። ሊቁ ሦስት ዓመት ሙሉ መልሱን በመቀመጫው ደፍኖት ኖሯል።

ቀይሮ ሲያበቃ ራሱ ማሳው ድረስ ሄዶ ገጠመ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ቀትር ላይ መሬቱ እንደ ምጣድ ሲግል ውሃው በቦዩ ይወርድ ነበር። ዙልፋ «አልሃምዱሊላህ» ብላ ጆንያውን ወደ ጀሪካኑ መለሰችው።

ዛሬ ሙሄ ደንበኛ በገባ ቁጥር በረዶ ያስመጣል።

«ቦንድ ታውቃለህ?» ይላል ስባሪዋን እየጫነ። «የት ታውቃለህ! እኔ ድሮም ብያለሁ።»

የጸደንያ ማራገቢያ ግን እስከ ዛሬ አልተሠራም።