ግድግዳ ተጋርተን በርቀት ስንሠራ

የምንሠራበት የጉምሩክ አስተላላፊ ድርጅት የድሬ ዳዋ ቢሮውን ዘግቶ «ከእንግዲህ ከቤት ነው የምትሠሩት» ሲለን፣ ቅርንጫፉ ውስጥ የቀረነው ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና ባልደረባዬ። እሷ ደግሞ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት ከአልጋዬ ሳልነሣ ነው።

አዲስ አበባ የሚቀመጠው አለቃችን ግን ርቀቱ አሳስቦት ኖሮ መተግበሪያ በመተግበሪያ አደረገን። በአንዱ እንጻጻፋለን፣ በሌላው እንሰበሰባለን። አንዱማ ኮምፒውተሩን መንካት ስናቆም ከስማችን አጠገብ ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ ቢጫ ያደርጋታል። «ከመተግበሪያ ውጭ የተነገረ እንዳልተነገረ ይቆጠራል» ብሎም ጻፈልን።

ታዘዝን። የጎደለ ደረሰኝ ስፈልግ እጽፍላታለሁ፤ መልእክቴ ከግድግዳው ማዶ ጢን ሲል ይሰማኛል።

«አይቼዋለሁ አቦ!» ብላ ትጮኻለች። ቀጥላ ያንኑ ትጽፍልኛለች፣ እንዲቆጠርልን።

አንድ ቀን የእሷ ኢንተርኔት ተቋረጠና እኔ ቤት መጣች። ቬንትሌተሩን ወደ ሁለታችን አዙሬ በእኔ ኮምፒውተር ስብሰባ ገባን። የዕለቱ ርዕስ «የሠራተኞች መቀራረብ» ነበር።

«አንድ ሰው ጎድሏል» አለ አለቃችን።

«ኧረ አለሁ! አታየኝም እንዴ?» አለችው። የድሬ ልጅ ናት፤ ሚኒስትርም ቢመጣ «አንተ» ነው የምትለው።

«እኔ አይዎታለሁ» አለ፣ አንተታው እየጎረበጠው። «ሲስተሙ ግን አያይዎትም።»

ስለዚህ ስለ መቀራረብ ለመወያየት ተነሥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ኢንተርኔቷ ስላልተመለሰ «ያለ ፈቃድ የቀረች» ተብላ ተመዘገበች። ወላሂ ሥራውን እለቃለሁ ስትል ዋለች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አለቃችን ራሱ ድሬ መጣ። ጅቡቲ ወደብ የቆመ የደንበኛ ዕቃ መላ አጥቶ ስለነበር መምጣቱ ደስ አለን። እሷ ከቀፊራ ገበያ ማንጎ ገዛችለት፤ ባጃጅ ይዘን ያረፈበት ሆቴል ደረስን። አለቃችን አዳራሹ ጥግ ማዳመጫ አጥልቆ፣ በላብ ተጠምቆ፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ቀና ብሎ አየንና ጣቱን አነሣ።

«አንድ ጊዜ ቆዩኝ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ።»

«ከማን ጋር?» አልኩት።

«ከእናንተ ጋር ነዋ። ዘግይታችኋል።»

የቀለደ መስሎን ሳቅን። አልቀለደም። ስልካችንን አውጥተን ፊት ለፊቱ ቆመን ገባን። የሦስታችን ድምፅ እየተጋጨ አዳራሹን ሲያናውጠው አስተናጋጆቹ ሥራቸውን ትተው ያዩን ጀመር። ደግነቱ መብራት ጠፋ። ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። አለቃችን ማዳመጫውን አውልቆ፣ ገና አሁን እንደደረስን ሁሉ፣ ተነሥቶ ጨበጠን።

«በል አሁን ቁጭ በልና ማንጎ ብላ» አለችው።

በላ። እየበላን የዕቃውን ነገር ስናነሣ፣ ለካ እኛ የእሱን ፊርማ ስንጠብቅ፣ እሱ የእኛን ፊርማ ሲጠብቅ ነው የከረመው! ሁሉም መልእክት «ደርሷል» ይላል፣ ማንም ግን አልፈረመም። እዚያው ፈረምን። እሱም የማንጎ ጭማቂ ሸሚዙ ላይ እስኪንጠባጠብ ሳቀ። ስንሰናበት «እንዲህ እየተገናኘን እንጂ!» አለን፣ ከልቡ።

በማግሥቱ ኮምፒውተራችን ላይ አዲስ መተግበሪያ ተጭኖ ጠበቀን። ከሥራ ባልደረባው ጋር በአካል መገናኘት የሚፈልግ ሠራተኛ ጥያቄ የሚያቀርብበት ነው። ባልደረባዬ ምሳ ልትጋብዘኝ ወዲያው አመለከተች። ማመልከቻዋ እስከ ዛሬ «በመታየት ላይ» ይላል። ምሳውን ግን በልተነዋል።