ጥጡ የጠጣው መድኃኒት

ጣቢታ በሺንሺቾ ጤና ጣቢያ ቁስል አጣቢ ነበረች። የከተማው ሰው ድሬሰር ይላታል፤ የገጠሩ ግን ሲስተር ብሎ ያከብራታል። እጇ ለቁስል ይስማማል ይባልላት ስለነበር ከሩቅ ቀበሌ እየመጣ ተራ የሚጠብቃት ብዙ ነው። መንደር ምሥረታ በመጣበት ዓመት ግን ያ እጅ የከዳት መሰለ።

በዚያ ዓመት ገበሬው ቤቱን በገዛ እጁ አፍርሶ፣ ምሰሶና ማገሩን ተሸክሞ፣ መንገድ ዳር በተለካለት ቦታ ላይ እንዲሠራ ታዘዘ። መጥረቢያ የሳተው፣ ምስማር የወጋው፣ ግንድ የወደቀበት ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያው ጎረፈ። በውኃ እየተበጠበጠ ቁስል የሚታጠብበት ቢጫ መድኃኒት ማጠር ሲጀምር የወረዳው መንደር ምሥረታ ኮሚቴ ሠራተኛውን ሰብስቦ ቁጠባ አወጀ። መድኃኒቱን ቁስል ላይ ማፍሰስ ቀረ። በምትኩ ጠዋት ጥጥ በማስቀመጫ ውስጥ ጥቅጥቅ ተደርጎ በተበጠበጠው መድኃኒት ይነከራል፤ ቀኑን ሙሉ ከዚያው እየተመዘዘ ይሠራበታል። ጣቢታ ብልሃቱን ወደደችው። የሚባክን ጠብታ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ቁስሎቹ ማመርቀዝ ጀመሩ። አቶ ሄራሞ የሚባሉ ገበሬ የቤታቸውን ምሰሶ ሲቆርጡ እግራቸውን መትተው መጥተው ነበር። ሊድን የሚገባው ቁስል አረንጓዴ መግል ያዘ፤ ሽታው ከበር ይቀበላል። ጣቢታ መቆንጠጫዋን ደጋግማ ቀቀለች፣ እጇን እስኪላጥ ፈተገች፣ ጸለየች። አልሆነም። ሰውየው ሆሳዕና ተወስደው እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

የመንደር ምሥረታው ኮሚቴ ሊቀመንበር ኃይለመለኮት ቢሮው አስጠራት።

«እነዚህ ሰዎች የቆሰሉት በአብዮቱ ሥራ ላይ ነው» አላት። «አንቺ ጋ ሲደርሱ ይበሰብሳሉ። ምን እያደረግሽባቸው ነው?»

«የታዘዝኩትን ነው የማደርገው፣ ጓድ።»

«ጸሎት ቤታችሁ ከታሸገ ወዲህ ቂም ይዘሻል ይባላል። ይህ አሻጥር ነው።»

«አሻጥር» የሚለው ቃል ሲነሳ የሚናገር ሰው ራሱን የበለጠ እንደሚያስር ጣቢታ ታውቃለች። ያን ቀን በገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ፣ በማዳበሪያ ጆንያዎች መካከል ታሰረች። ከእስሩ ይልቅ ያስጨነቃት ግን ሌላ ነበር፤ ምናልባት እውነት እኔ ነኝ እያለች እጇን ታገላብጣለች።

ባሏ ሳህሉ አስተማሪ ነው። እጇም መቆንጠጫዋም ንጹሕ ከሆነ የቀረው መድኃኒቱ ነው ብሎ ከማስቀመጫው ፈሳሹን በጠርሙስ ቀድቶ አውቶቡስ ተሳፈረና ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ መድኃኒት ቤት ለያዙት ለጋሼ ኤሊያስ አሳያቸው። ኤሊያስ ያገር ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ ዘመን ለታሰረ ሰው መመስከር ምን እንደሚያመጣ አይጠፋቸውም። ቢሆንም ከሳህሉ ጋር መጡ።

ኃይለመለኮት ሊሰማቸው ተስማማ፤ ዘበኞች ጣቢታን ከመጋዘን አውጥተው ቢሮው ውስጥ አቆሟት። ኤሊያስ ሁለት ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አንዱ እዚያው የተበጠበጠ ነው፤ ሌላው ጥጥ ሲነከርበት የዋለ። ሁለቱንም ነቀነቁ። አዲሱ እስከ አፉ አረፋ ሞላ። የሌላው አረፋ ብቅ አለና ጠፋ።

«አረፋ የሚሠራው መድኃኒቱ ራሱ ነው» አሉ። «ዘሩ ከሳሙና ጋር ይቀራረባል። የእያንዳንዱ ቅንጣት ራስ ውኃ ይወዳል፤ ጅራቱ ውኃ ይሸሻል። የጥጥ ክር ደግሞ ውኃ ውስጥ ሲገባ ገጹ የመድኃኒቱን ራስ ይስባል፤ የኤሌክትሪክ ሙሌታቸው ተቃራኒ ነውና። አንድ ረድፍ ክሩ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ጅራት ጅራትን እየፈለገ በላዩ ሌላ ረድፍ ይደረባል። ጥጡ በበዛ ቁጥር ውኃው ባዶ ይቀራል።»

«ውኃው ቢጫ ነው እኮ» አለ ኃይለመለኮት።

«ቢጫው ለመለያ የተጨመረ ቀለም ነው። እሱ ውኃው ውስጥ ይቀራል።»

ጣቢታ ሳታስበው ተናገረች። «ጥጡ ላይ ካለ ቁስሉን ስንጠርግበት አይደርስም?»

ኤሊያስ ወደ እሷ ዞሩ። «አጥብቆ ይዞታል ልጄ። ብትጨምቂው የሚወርደው ውኃ ነው። ጀርም ይራባበታል እንጂ አይሞትበትም።»

ጥጥ እንዲታጨቅ ያዘዘው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስብሰባውን የመራው ኃይለመለኮት ነበር። ጠርሙሶቹን በእጁ ወደ ዳር ገፋቸው። «ጉዳዩ ተዘግቷል። ወደ ሥራሽ ተመለሽ። ይህ ወሬ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ።» ትእዛዙ ተሻረ ብሎ ግን አልተናገረም።

ጣቢታ በነጋታው ማስቀመጫውን አጥባ ደፋችው። ደረቅ ጥጥ አዘጋጅታ መድኃኒቱን በየቁስለኛው ፊት ትቀዳ ጀመር፤ የሚቆጣጠር ሲመጣ በጀርባዋ ትከልለዋለች። ቁስሎቹ ቀስ በቀስ ጠገጉ። ይህ ደስ ሊያሰኛት ሲገባ የባሰ ከበዳት፤ በዳኑት መጠን ያልዳኑት ይታዩዋት ነበር።

አቶ ሄራሞን ፍለጋ አዲሱ መንደር ሄደች። ግድግዳው ገና ያልተመረገ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። አትናገሪ የተባለችውን በከምባትኛ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ ውኃውን፣ ጥጡን፣ የማንን ትእዛዝ እንደፈጸመች።

አንገታቸውን ደፍተው አዳመጧት።

«አውቀሽ አላደረግሽውም» አሉ በመጨረሻ። «እኔም ቤቴን ወድጄ አላፈረስኩም። ግን ቤቴም የለም፣ እግሬም የለም።»

«ቁስሉን ልየው፣ አባባ?»

«ተይው፣ ልጄ።»

ደርግ እስኪወድቅም ከወደቀም በኋላ ጣቢታ እዚያው ሠራች፤ ሥራ ለሚጀምሩ ድሬሰሮች ሁሉ ከማንኛውም ነገር በፊት ሁለቱን ጠርሙሶች ነቅንቃ ታሳያቸው ነበር። አቶ ሄራሞ በገበያ ቀን በምርኩዛቸው ሲያልፉ ሰላምታዋን ይመልሱላታል። የተቆረጠው እግራቸው ሲቆስልባቸው ግን እሷ ተረኛ ያልሆነችበትን ቀን ጠብቀው ይመጡ ነበር።