«አይዞህ» ከማለታችን በፊት

«አይዞህ» ከሚለው ቃል ጋር የተጣላሁት ከሞጆ በመጣ አንድ ሹፌር ምክንያት ነው። የተቆረጠ እጁ ሊሰፋለት ማደንዘዣ ስወጋው «አፌን ብረት ብረት አለኝ» አለ። የፈራ መሰለኝ። «አይዞህ» አልኩትና መውጋቴን ቀጠልኩ። አፍታ ሳይቆይ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማደንዘዣው ደሙ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ተረፈ፤ በእኔ ጉብዝና ግን አይደለም።

ከዚያ ወዲህ አዳማ ውስጥ ነርሶችን ሰብስቤ ማስተማር ያዝኩ። አፍ ብረት ብረት ካለ፣ ጆሮ ከጮኸ፣ ከንፈር ከደነዘዘ ወይም ዝምተኛው ሰው ድንገት ከለፈለፈ መርፌው ይቁም። ሰው ይጠራ፣ ኦክስጅን ይሰጥ፣ ደም ውስጥ የገባውን ማደንዘዣ የሚያረክሰው፣ ወተት የሚመስለው የቅባት መድኃኒት ይምጣ። የእኛ አገር በሽተኛ ሐኪም ፊት ለማማረር ያፍራል፤ አንዴ ሲናገር በ«አይዞህ» ካፈናችሁት አይደግመውም። ስለዚህ መጀመሪያ «ምን ተሰማህ?» በሉት አልኳቸው።

ጡረታቸው የተቃረበ አንዲት ሲስተር ከኋላ ወንበር እጃቸውን አጣምረው «ስሚ ልጄ፣ እኔ አይዞህ ተብሎ የሞተ ሰው አላየሁም» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። በገንኩ። ቢሆንም የቅባት መድኃኒቱን ከተቆለፈበት ስቶር አስወጥቼ ሥራ ክፍላችን ውስጥ አስቀመጥኩት።

ባለፈው ክረምት መቂ ላይ ሽንኩርት ሲጭን ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ጎልማሳ መጣ። እኔ ማደንዘዣ እወጋለሁ፣ እኚያው ሲስተር አጠገቤ ቆመዋል። ከገባ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሰው ሰው ድንገት ስለ መኪናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጓደኞቹ ይለፈልፍ ጀመር። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ቸኩያለሁ። «አይዞህ» ልለው አፌን ስከፍት ሲስተር እጄን ለቀም አደረጉት።

«አቁሚ» አሉኝ። ወደ እሱ ጎንበስ ብለው «ምን ተሰማህ፣ የኔ ልጅ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ጆሮዬ ይጮኻል» አለ።

መርፌውን ነቀልኩ። እኔ ክው ብዬ ሳለሁ ሲስተር ሰው ተጣርተው ኦክስጅኑን አድርገውለታል። መንቀጥቀጥ ሲጀምረው ማስታገሻውን ሰጠሁት፤ ነጩም መድኃኒት በደም ሥሩ ይወርድ ጀመር። ቀስ በቀስ ረጋ፣ ትንፋሹ ተስተካከለ፣ ከቆይታ በኋላም ዓይኑን ገልጦ ውኃ ጠየቀ።

የገዛ ተማሪዬ ስላረሙኝ ማፈር ሲገባኝ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍኩ። ሲስተር ተከትለውኝ መጡ። «አይዞሽ» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ፊቴን በጥሞና አዩና «ምን ተሰማሽ?» አሉኝ።