የማላውቃቸው ሰዎች ድንኳን

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ በቱሪስት መርከብ ላይ አልጋ አንጣፊ ሆኜ ስሠራ ነው። የነገርኩት ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን ሌላ ነው።

አባቴ ያረፈው እኔ ካሪቢያን ባሕር ላይ እያለሁ ነው። እኛ ሰፈር፣ ልደታ፣ መርዶ የሚነገረው ማልዶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። ለእኔ ግን ወንድሜ በስልክ ነገረኝ፤ እሱም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ። ኮንትራቴ ስላላለቀ መሄድ አልቻልኩም። ክፍል የምጋራት ልጅ ከፈረቃ ገብታ ተኝታ ስለነበር ጮክ ብዬ እንኳ አላለቀስኩም። ተነስቼ አንሶላ መቀየሬን ቀጠልኩ።

በሳምንቱ መርከቡ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ቆመ። ጓደኞቼ ሊዋኙ ሲሄዱ እኔ አላሰኘኝምና ብቻዬን ወደ መንደሩ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ከሰው ጋር ነው፤ ከአገሬ የራቅኩት ያን ቀን መሰለኝ። ዳገቱ ላይ አንድ ቤት ደጃፍ ድንኳን ተጥሏል። ፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ ትልቅ ድስት ጥደው ያማስላሉ። ቁርጥ የሰፈሬ የጠመንጃ ያዥ እድር።

ለቅሶ ነው አልኩ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ተጠርቶ አይገባም። ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ራሴን መያዝ አልቻልኩም፤ "አባዬ፣ አባዬ" እያልኩ ተንሰቀሰቅኩ።

ቀና ስል ከራሴ በላይ ቢጫና ሮዝ ፊኛ ተንጠልጥሏል። ልደት ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ካርታ ተጫዋቾቹ ሁሉ እኔን ያያሉ።

አንዲት አሮጊት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ባለልደቷ እሳቸው ነበሩ።

"ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?" አሉኝ በእንግሊዝኛ።

"አባቴ። አገሬ ለለቅሶ እንዲህ ነው ድንኳን የሚጣለው። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁን እሄዳለሁ።"

ክንዴን ያዙኝ። ሙዚቃ ሊከፍት ወደተነሳው ሰውዬ ዞረው "ቆይ፣ ታልቅስ" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው "ምን ዓይነት ሰው ነበር?" ብለው ጠየቁኝ።

ጫማውን ሳይወለውል ከቤት እንደማይወጣ፣ ታክሲ ውስጥ ከማያውቀው ሰው ጋር ፖለቲካ እንደሚከራከር፣ ስልክ በደወልኩ ቁጥር "በልተሻል?" እንደሚለኝ ነገርኳቸው። ሰው ሁሉ ወንበሩን አስጠግቶ ሰማኝ። ስጨርስ ሩዝና ዶሮ አቀረቡልኝ። በላሁ። የመርከቡ ጥሩምባ ሲነፋ እየሮጥኩ ወረድኩ።

አገሬ ስገባ የአባቴ ድንኳን ከፈረሰ ቆይቷል። ሊያጽናናኝ የሚመጣው ዘመድ "እርምሽን ሳታወጪ" እያለ ያዝንልኛል። እርሜንስ አውጥቻለሁ። የሚቆጨኝ፣ ሴትየዋን "እንኳን ተወለዱ" ሳልላቸው መምጣቴ ነው።